ፊቱን ከመንገድ ያዞረ ቤት

የእንግሊዝ ባንክ በ2017 ባወጣው የአሥር ፓውንድ ኖት ላይ የደራሲዋ የጄን ኦስተን ምስል አለ። ከምስሏ አጠገብ በሰፊ መስክ ላይ የተንጣለለ ትልቅ ቤት ይታያል። (እዚህ የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያ ቤት ግን የእሷ አልነበረም። ኬንት ውስጥ የሚገኘው የባለጠጋው ወንድሟ የኤድዋርድ መኖሪያ ጎድመርሻም ፓርክ ነው፤ እሷ የምትሄድበት በእንግድነት ነበር። ስድስቱም ልብ ወለዶቿ የመጨረሻ መልካቸውን የያዙት በሌላ ቤት ነው፤ በሃምፕሺር ግዛት፣ ቾተን በምትባል መንደር፣ መንገድ ዳር በቆመ ቀይ የጡብ ቤት። ይህኛው ገንዘብ ላይ የሚታተም ዓይነት ቤት አይደለም። በረንዳውን የተሸከመ የድንጋይ ዓምድ የለውም፤ ንድፉን ያወጣ ስመ ጥር አርኪቴክትም አይነሳለትም። ይሁን እንጂ እንግሊዞች በገጠር እንዴት ይሠሩና እንዴት ይኖሩ እንደነበር ማወቅ ለሚፈልግ መንገደኛ ከብዙ ቤተ መንግሥት የበለጠ የሚናገረው እሱ ነው።

ከለንደን ዋተርሉ ጣቢያ የሚነሳው ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በለጥ ካለ ጉዞ በኋላ ኦልተን የምትባል ትንሽ ከተማ ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ ቾተን በእግር የምትደረስ ናት። ዛሬ ፈጣኑ አውራ ጎዳና መንደሯን በጎን አልፎ ስለሚሄድ ጸጥታዋ ደስ ይላል። በድሮው ዘመን ግን እንዲህ አልነበረም። ከለንደን የሚመጣው መንገድ እዚሁ መንደር ውስጥ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ዊንቸስተር፣ ሌላው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወደ ጎስፖርት። ቤቱ የቆመው ልክ መገንጠያው ላይ ነው። ይህን አቀማመጥ በልቡ የያዘ ሰው የቤቱን ታሪክ ግማሹን እንደያዘ ይቁጠረው።

መጀመሪያ ግድግዳው። ሁለት ፎቅና ከጣሪያው ሥር የተሸጎጡ ክፍሎች ያሉት፣ በሸክላ ክዳን የተሸፈነ፣ ዕድሜው ወደ 17ኛው መቶ ዘመን የሚመለስ ቤት ነው። ከሩቅ ሲያዩት አንድ ወጥ ቀይ ይመስላል። ጠጋ ሲሉ ግን የድሮ ጡብ አንድ ቀለም እንደሌለው ይታያል፤ አንዱ ብርቱካንማ፣ አንዱ ጠቆር ያለ ቀይ፣ አንዱ የተቃጠለ ነው። ጠርዙም እንደ ፋብሪካ ጡብ ስል አይደለም፤ ክብ ብሏል፣ አንዳንዱም ዘመም ብሎ የቀረ ነው። የዚህ ልዩነት መነሻ ጡቡ የተሠራበት መንገድ ነው።

ሸክላ አፈሩ የሚቆፈረው ብርዱ ሳይገባ ነበር። ክምሩ ሜዳ ላይ ይተዋል፤ ውርጭ እየመታው ይፈረካከሳል። ብርዱ ሲያልፍ በውሃ ይቦካል፣ ጠጠሩ ይለቀማል፤ ከዚያ አሸዋ በተነሰነሰበት የእንጨት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በእጅ እየተመታ ይሞላል። የወጣው ጥሬ ጡብ ለሳምንታት ነፋስ ይመታውና ይደርቃል። በብዙ መንደር ቋሚ መተኮሻ ስላልነበረ ጥሬው ጡብ ከማገዶው ጋር ተደርድሮ ይከመርና ክምሩ ራሱ ምድጃ ይሆናል። እሳቱም ለሁሉም እኩል አይደርስም። የቀረበው ጠቁሮ ሰማያዊ የሚመስል ልባስ ያወጣል፤ ዳር የቀረው በደንብ ሳይበስል ፈዛዛ ሆኖ ይቀራል። መካከለኛው በአፈሩ ውስጥ ካለው ብረት የተነሳ ጥሩ ቀይ ይሆናል። ጡብ ከባድ ነው፤ በፈረስ ጋሪ ሩቅ መውሰድ ዋጋውን ያንረዋል። ስለዚህ ሰው የሚሠራው አቅራቢያው ካለው አፈር ነበር፤ ካምብሪጅ አካባቢ ፈዛዛ ቢጫ፣ ለንደን ቡናማ ቢጫ፣ ሃምፕሺርና ሰሬ ቀይ። በባቡር ዘመን ጡብ እንደልብ ከመጓጓዙ በፊት የሠርቶ አደር ቤት ሁሉ የቆመበትን ምድር ቀለም ለብሶ ይታይ ነበር።

ጡብ ለእንግሊዝ ገጠር የቆየ ነገር ይመስላል እንጂ ረጅም ጊዜ ተረስቶ የኖረ ጥበብ ነው። ያመጡት ሮማውያን ናቸው። እነሱ ከሄዱ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት አዲስ ጡብ የሚተኩስ ጠፋ፤ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት የተሠሩት ከሮማውያን ፍርስራሽ በተለቀመ ጡብ ነው። ሙያው እንደገና የተስፋፋው በ13ኛው መቶ ዘመን ነው፤ በሰፎክ የሚገኘው ሊትል ዌናም ሆል የዚያ ዘመን ምስክር ሆኖ እስከ ዛሬ ቆሟል። ከዚያ በኋላም ቢሆን ጡብ የባለጸጋ ነበር። በ1515 ካርዲናል ዎልሲ ሃምፕተን ኮርትን በጡብ ማሠራት ሲጀምር ገበሬው የሚኖረው በእንጨት ማገርና በጭቃ ምርጊት ቤት ነው። በ1666 ለንደን በቃጠሎ ከወደመች በኋላ በወጣው የግንባታ ሕግ የከተማዋ ቤቶች በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠሩ ታዘዘ፤ የጡብ ክብርም በየአቅጣጫው ተሰማ። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን ጡብ ደህና ገቢ ወዳለው ገበሬ፣ ወደ ቄሱ፣ ወደ ማረፊያ ቤት ባለቤቱ ወረደ። የቾተኑ ቤት የዚያ ትውልድ ነው።

የግንበኛውን ሥራ ለማየት አንድ ሁለት እርምጃ መቅረብ ይበቃል። የእንግሊዝ ጡብ ርዝመቱ ወደ 23፣ ወርዱ ወደ 11 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ወርዱ በአንድ እጅ መዳፍ እንዲያዝ የተመጠነ ነው፤ ሁለተኛው እጅ ኖራውን ይዘረጋል። ጡቡ በቁመቱ ሲቀመጥ ረጅሙ ጎኑ ወደ ውጭ ይታያል፤ አግድም ሲገባ ጭንቅላቱ ብቻ ይታያል። ጆርጅ የተባሉት ነገሥታት በነገሡበት ዘመን በጣም የተወደደው አደራደር በአንድ ረድፍ ላይ አንዱን በጎኑ፣ አንዱን በጭንቅላቱ እያፈራረቀ የሚሄደው ነበር። እንግሊዞች በፍላንደርስ ስም ይጠሩታል። ጭንቅላቱ የሚታየው ጡብ ግድግዳውን በውፍረቱ ሰንጥቆ ገብቶ የውጩንና የውስጡን ፊት አንድ ላይ ያስራል። ዛሬ የሚሠሩት ቤቶች ሁለት ስስ ግድግዳዎች ሆነው በመካከላቸው ክፍተት ስላላቸው ወደ ውጭ የሚታየው ረጅሙ ጎን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ መንገደኛ የጡቦችን ጭንቅላት በማየት ብቻ አሮጌውን ግድግዳ ከአዲሱ በአብዛኛው መለየት ይችላል።

መንግሥትም ይህን ግድግዳ አይቶ አላለፈም። የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ካዝናውን ካራቆተው በኋላ በ1784 በጡብ ላይ ግብር ተጣለ፤ መነሻው በሺህ ጡብ ሁለት ሺሊንግ ከስድስት ፔንስ ነበር፤ በኋላ ከፍ እያለ ሄደ። የሚቆጠረው በቁጥር ስለነበረ አንዳንዶች ጡቡን አተለቁት፤ መንግሥትም ተመልሶ ትልልቁን ጡብ በእጥፍ ቀረጠው። ግብሩ እስከ 1850 ቆየ። መስኮት ከ1696 እስከ 1851 ይቀረጥ ነበር። መስታወትም ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ወረቀትም የየራሳቸው ቀረጥ ነበረባቸው። ያን ጊዜ ቤት የሠራ ሰው ከግድግዳው እስከ ብርሃኑ ግብር ሳይከፍል የሚያገኘው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

ለዚህ ነው በእንግሊዝ መንደሮች ውስጥ በጡብ የተደፈነ መስኮት ባየ ቁጥር ሰው ሁሉ «ከግብር ሽሽት ነው» የሚለው። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የፊት ገጹ ሚዛን እንዲጠብቅ ከመጀመሪያውም ድፍን ሆኖ የተሠራ ነው። በቾተኑ ቤት ፊት ላይ የሚታየው ድፍን መስኮት ግን ከሁለቱም አይደለም። ታሪኩ የሚጀምረው ከአንዲት መበለት ነው።

የጄን አባት ቄስ ጆርጅ ኦስተን በ1805 ባዝ ከተማ ሞቱ። ባዝ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለችም፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩት እዚያው በፌርፊልድ ሀውስ ነው። የቄሱ ገቢ ከቄሱ ጋር ተቋረጠ። ሚስታቸውና ሁለቱ ያላገቡ ሴቶች ልጆቻቸው፣ ካሳንድራና ጄን፣ በወንዶቹ ልጆች ድጎማ ላይ ወደቁ፤ ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት፣ ከባዝ ወደ ሳውዝሃምፕተን ተንከራተቱ። ኤድዋርድ ልጅ ባልነበራቸው ሀብታም ዘመዶች በማደጎ ተወስዶ የኬንቱንም የቾተኑንም ርስት ወርሶ ነበር። በቾተን መገንጠያው ላይ ያለው ቤት ባዶ ሲሆን ለእናቱና ለእህቶቹ ሰጠ። እነሱም ከወዳጃቸው ከማርታ ሎይድ ጋር ሐምሌ 1809 ገቡ። አራት ሴቶች፣ ኪራይ የሌለበት ጣሪያ፣ በመጨረሻም የማያስነሣቸው ቤት።

ቤቱ ግን የተሠራው ለሴቶች ጸጥታ አልነበረም። ከገበሬ ቤትነት ተነሥቶ በ18ኛው መቶ ዘመን የመንገደኞች ማረፊያና መጠጥ ቤት ሆኖ አገልግሏል፤ ቀጥሎም የርስቱ ተቆጣጣሪ ኖሮበታል። ማረፊያ ቤት ዓይኑን መንገድ ላይ ማድረግ አለበት፤ ደንበኛው የሚመጣው ከዚያ ነውና። ሁለቱም ትልልቅ የምድር ቤት ክፍሎች መስኮታቸው ወደ መንገዱ ነበር። በር ከፍቶ የወጣ ሰው የሚረግጠው መንገዱን ነው። በዚያ ደጃፍ ላይ የደብዳቤና የመንገደኛ ሠረገላ ቀንም ሌትም ያልፋል። የጄን የወንድሟ ልጅ ካሮላይን በልጅነቷ እዚያ ስታድር በሌሊት የሚያልፉት ሠረገላዎች አልጋውን እስኪያንቀጠቅጡት ይሰማት እንደነበር ጽፋለች። በሠረገላ ያለፈ አንድ መንገደኛ ደግሞ ሴቶቹ ቁርስ ላይ ተመቻችተው ተቀምጠው ማየቱን ለዘመዶቻቸው አውርቷል። ከሠረገላ ላይ ሆኖ የሰው ገበታ ማየት የሚቻል ከሆነ የምትጽፈውን ወረቀት ማየትም ይቻላል።

መፍትሔው ጡብ ሆነ። የእንግዳ መቀበያው ክፍል ትልቅ መስኮት ተደፈነ። የጄን የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ የሆነው የወንድሟ ልጅ ጄምስ ኤድዋርድ ኦስተን ሊ እንደመዘገበው ከውስጥ በኩል የመጽሐፍ መደርደሪያ ተደረገ፤ በጎን በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ ሌላ መስኮት ተከፈተ። አዲሱ መስኮት የሚያየው ሣርና ዛፍ ብቻ ነው፤ የዊንቸስተርን መንገድ ረጅም የእንጨት አጥርና ቁጥቋጦ ከለሉት። አናቱ እንደ ጥንት ቤተ ክርስቲያን መስኮት ሾጠጥ ያለ ነው። ለአንድ ተራ የመንደር ቤት ይህ ትንሽ ጌጥ የዘመኑ ፋሽን ነበር። ከጡቡ ሸካራ ቀላልነት ጋር ሲታይ እንግዳ ነገር መስሎ ይታያል፤ ግን ከአትክልቱ ሥፍራ ሆኖ ለሚመለከተው ቤቱ ፈገግ ያለበት ጎን ይህ ነው።

አንድ መስኮት ተዘጋ፣ አንድ መስኮት ተከፈተ። በዚህ ቤት ላይ ከተሠራው የግንባታ ሥራ ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ቤቱ ሳይፈርስና ሳይሰፋ ፊቱን ከመንገዱ ወደ ጓሮው አዞረ። ከዚያ በኋላ የሆነው በዓመት በዓመት ይቆጠራል፦ በ1811፣ በ1813፣ በ1814 እና በ1815 መጨረሻ አራት ልብ ወለዶች ታተሙ፤ ሁለቱ ጄን ከሞተች በኋላ ወጡ። አንዳንዶቹ የቆዩ ረቂቆች የታረሙባቸው፣ ሌሎቹ ከባዶ ገጽ የተጀመሩ ናቸው። ለብዙ ዓመት ሳያሳትም የኖረ ብዕር በዚህ ግድግዳ ውስጥ እንዲህ መፍጠኑን የቤቱ አሠራር ብቻውን ያመጣው ነው ማለት አይቻልም። ኪራዩ አለመኖሩም፣ ካሳንድራና ማርታ የቤቱን ሥራ መሸከማቸውም አለበት። ሆኖም ያ መስኮት ሳይደፈን ይህ ሁሉ በዚያው ፍጥነት ይሆን ነበር ብሎ መከራከር ይከብዳል።

ሌላኛው ክፍል፣ የመመገቢያው፣ መስኮቱን ወደ መንገዱ እንደያዘ ቀረ። ጎብኚ ሁሉ ቆሞ የሚቀረው እዚያ ነው፤ መስኮቱ አጠገብ ጄን ትጽፍበት ነበር የሚባለው ጠረጴዛ ተቀምጧል። የዋልነት እንጨት ነው፤ ባለ አሥራ ሁለት ጎን፣ በአንድ እግር የቆመ፣ ሻይ ማቅረቢያ የሚያክል። አንድ ወረቀት፣ አንድ የቀለም ዕቃ ከያዘ በኋላ ክርን ማሳረፊያ እንኳ አይተርፈውም። የእንግሊዝ ባንክ ጎድመርሻምን ቢመርጥም ይህን ጠረጴዛ አልረሳውም፤ የአሥር ፓውንዱ ኖት ጀርባ ማስጌጫ ከዚሁ ጠረጴዛ ጎኖች የተቀዳ ነው። ግድግዳው ላይ ብሩህ አረንጓዴ ቅጠል ያለበት ወረቀት ተለጥፏል፤ በቤቱ ውስጥ ከተገኙ የድሮ ወረቀት ቁርጥራጮች ተነሥቶ እንደገና የታተመ ነው። የድሮ ዘመን ቤት ሁሉ ደብዛዛ ይመስለው የነበረ ሰው እዚህ ይደነግጣል።

ኦስተን ሊ ስለ አንድ በርም ያወሳል። ከፊት በሩና ከሠራተኞቹ ክፍሎች መካከል የነበረው ተወዛዋዥ በር ሲከፈት ሲጢጥ ይላል። ጄን ግን ማጠፊያው ዘይት እንዲቀባ አልፈቀደችም፤ ድምፁ ሰው መምጣቱን ይነግራታል፣ እሷም ትንንሾቹን ወረቀቶች ትሸፍናለች። የዚህን ወግ ልክነት የሚጠይቁ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች አሉ። ከቤቱ ንድፍ ጋር ግን ይገጥማል። ከመንገዱ የሚመጣውን ዓይን ጡብ ዘጋው፤ ከውስጥ የሚመጣውን በሩ ይናገራል። ከዋናው ቤት ወጣ ብሎ ዳቦ መጋገሪያው አለ፤ ቤተሰቡ በአህያ የሚሳብ ትንሽ ጋሪ ነበራቸውና እሱም እስከ ዛሬ ይታያል።

ጄን በግንቦት 1817 ታማ ወደ ዊንቸስተር ተወሰደች፤ ሐምሌ 18 ቀን በ41 ዓመቷ እዚያው ሞተች። ካሳንድራ እስከ 1845 ቤቱ ውስጥ ኖረች። ከእሷ በኋላ የርስቱ ሠራተኞች እንዲኖሩበት ተከፋፈለ፤ ክፍሎች ተቆራረጡ፣ የተለያዩ ቤተሰቦች ገቡ። ይህን ዘመን ብዙ የጉብኝት ጽሑፎች በአንድ መስመር ያልፉታል፤ ሊያልፉት ግን አይገባም። መቶ ዓመት ገደማ ጣሪያው ሳይፈርስ፣ ምድጃው ሳይቀዘቅዝ የቆየው ቀን ሠርተው የሚያድሩ ሰዎች ስለኖሩበት ነው። ሰው የማይኖርበት የጡብ ቤት ከፈረሰ ጣሪያ በሚገባ ውሃ ቶሎ ይሞታል።

በ1940 ዶሮቲ ዳርኔል የተባለች ሴት ከዚህ ቤት የወጣ የምድጃ ፍርግርግ ውጭ ተጥሎ አይታ ተቆጨችና የጄን ኦስተን ማኅበርን መሠረተች፤ ያውም በጦርነት መካከል። ማኅበሩ ግን ቤቱን የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። የደረሰለት ኤድዋርድ ካርፔንተር የተባለ የለንደን ጠበቃ ነው። ልጁ ሌተናንት ፊሊፕ ካርፔንተር በ1944 ጣሊያን ውስጥ በውጊያ ላይ ተገድሎበት ነበር። አባት ቤቱን በ3,000 ፓውንድ ገዝቶ ለልጁ መታሰቢያ አደረገው፤ ሐምሌ 1949 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ዛሬ በጥበቃ ዝርዝር ውስጥ የመጀመሪያው ደረጃ የተሰጠው ነው፤ በእንግሊዝ ከተመዘገቡት ሕንጻዎች ይህን ደረጃ ያገኙት ከመቶ ሁለት ተኩል ያህሉ ብቻ ናቸው።

ማዕረጉ ብቻውን ግድግዳ አያቆምም። እንዲህ ያለ ቤት የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ከቸልታ ይልቅ በቅን ልብ በተደረገ ጥገና ነው። የድሮው ጡብ የተያያዘው በኖራና በአሸዋ ነው። ኖራ ከጡቡ ይለሰልሳል፤ ግድግዳው የጠጣው የዝናብ ውሃ በኖራው መስመር በኩል ተንኖ ይወጣል፤ ቤቱ ትንሽ ሲንቀሳቀስም ኖራው አብሮ ይላወሳል። በ20ኛው መቶ ዘመን ግን በየመንደሩ የረገፈውን መጋጠሚያ በሲሚንቶ መሙላት ተለመደ። ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፤ ውሃ አያሳልፍም። ውሃው መውጫ ሲያጣ በጡቡ ውስጥ ይቀራል፣ በውርጭ ወቅት በረዶ ሆኖ ያብጣል፣ የጡቡንም ፊት ገሽልጦ ይጥለዋል። እንዲህ ፊቱ የተላጠ ግድግዳ በብዙ የእንግሊዝ መንደር ይታያል፤ ሲሚንቶው እንደ አጥንት ወጥቶ ጡቡ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ። ዊሊያም ሞሪስ በ1877 የጥንት ሕንጻዎች መጠበቂያ ማኅበርን ሲያቋቁም ጀምሮ ያስተማረው ይህንኑ ነው፦ አዲስ ለማስመሰል አትሩጡ፣ የረገፈውን በወቅቱ በዓይነቱ ተኩ።

ወደ ቾተን የመሄድ ዕድል የሚገጥመው አንባቢ ትኬት ቆርጦ ወደ ጠረጴዛው ከመሮጡ በፊት መንገዱን ተሻግሮ ከፊት ለፊት ይቁም። የተደፈነውን መስኮት በዓይኑ ይፈልግ፤ ከዚያ በአትክልቱ በኩል ዞሮ በምትኩ የተከፈተውን ይመልከት። ጊዜ ካለው በመንደሩ ውስጥ ያሉትን ሌሎች ቤቶችም እንዲሁ ይያቸው። ደራሲ አልወጣባቸውም፤ ሙዚየምም አልሆኑም። ግድግዳቸው ግን ከዚያው አፈርና ከዚያው ሙያ ነው፤ ጥበቃም የሚገባቸው በዚያው ልክ ነው።